«ወይ አስተምር፣ ወይ ተመራመር፣ ወይ ጻፍ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባ የጻፉት ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህራን መካከል ሲነበብ ሰንብቷል። እኔም ደግሜ አነበብኩት። የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው። ማስተማር፣ ምርምርና የፈጠራ ጽሑፍ ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። አንድ ሰው ሦስቱንም ልያዝ ካለ ሦስቱንም ያበላሻል። ስለዚህ መምህሩ አንዱን ይምረጥና ሌሎቹን ይተው። መጀመሪያ መተው ያለበት ደግሞ የፈጠራ ጽሑፍ ነው። ምክንያቱም ለዕድገት አይቆጠርም፣ ለተማሪ አይጠቅምም፣ ጊዜ ይበላል፤ በዚያ ላይ አብዛኛው በአማርኛ ስለሚጻፍ ከእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ጋር አይገናኝም።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ አልጠራጠርም። ድካሙ ከየመስመሩ ይሰማል። እኔም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ፍሬሽማን አስተምራለሁ፣ ቲሲስ (የመመረቂያ ጥናት) አማክራለሁ፣ ማታ ማታ አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ግን ጸሐፊው ችግሩን በትክክል ካዩ በኋላ ጥፋቱን የጣሉት ባላጠፋው ላይ ነው። ዝም ብዬ ባልፈው ደግሞ ገና ሥራ የጀመሩ ረዳት ምሩቃን ምክሩን እንዳለ ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው አንድ ሰው ሦስቱን አይችልም የሚለው ነው። መምህር፣ ተመራማሪና ደራሲ በአንድ ሰው ውስጥ ይኑሩ የሚለው ሐሳብ ከፈረንጅ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀዳ ነው፤ እኛ ዘንድ መሠረት የለውም ሲሉም ያክላሉ። እዚህ ላይ በጣም ነው የተገረምኩት።

ቅኔ ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ የቅኔ መምህሩ ሦስቱንም ይሠራል። ለተማሪዎቹ ቅኔ ይነግራል፣ የእነሱንም ያርማል። ይህ ማስተማር ነው። ሰዋስውን ከነአገባቡ ያፍታታል፣ ምሥጢሩን ከመጽሐፍ፣ ከታሪክ እያመሳከረ ያወጣል። ይህ ምርምር ነው። በበዓል ቀን ደግሞ ከማኅሌት ቆሞ ራሱ ይቀኛል። ተማሪውም ቢሆን የሌላ ሰው ቅኔ ሸምድዶ አያልፍም። ሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ያዘጋጃል፣ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፣ ታርሞ ይመለሳል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ በየደረጃው አዲስ ነገር ሠርቶ ማሳየት አለበት። እስቲ አንድ የቅኔ መምህር «እኔ መቀኘቱን ትቻለሁ፣ ማስተማሩን ብቻ ይዣለሁ» ቢል ማን ተማሪ ይሄድለታል? ሦስቱ ሥራ ተለያይቶ በሦስት ሳጥን የገባው ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ ወዲህ ነው።

እዚያም ቢሆን ሁሉም ሰው አልተለያየለትም። መንግሥቱ ለማን እንውሰድ። ተውኔት እየጻፈ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተውኔት ያስተምር ነበር። የቅኔ ሊቅ የነበሩት አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የነገሩትን ትዝታ ሰብስቦ ለመጽሐፍ ያበቃውም እሱ ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የቤተ ክህነት ትምህርትና ኑሮ የሚያጠና ሰው ያንን መጽሐፍ ሳያነብ አይቀርም። ይህ ምርምር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዳኛቸው ወርቁም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. በአማርኛ አወጣ። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ መጻሕፍት ውስጥ ታተመለት። ስለ አጻጻፍ ጥበብ የሚያስተምር መጽሐፍም አዘጋጅቷል። ደበበ ሰይፉ ገጣሚ ነበር፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር፣ ስለ ተውኔት አጻጻፍ ለክፍል የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። «ገጸ ባሕርይ»ን የመሰሉ፣ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ሳያስበው የሚጠቀምባቸው የሙያ ቃላት ከእሱ ስም ጋር ነው የሚነሡት። እነዚህ ሰዎች ሦስቱን ይዘው ሦስቱንም አበላሹ የሚል ካለ ቀርቦ ያስረዳ።

ጸሐፊው ለዚህ አስቀድመው መልስ አዘጋጅተዋል። እንዲህ ያሉት ሰዎች ብርቅ ናቸው፤ ውጭም ቢሆን ታላላቆቹ ደራስያን በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲውን ጥለው ወጥተዋል ይላሉ። ማስረጃ አድርገው የሚጠሩት እንግሊዛዊውን ደራሲ ዴቪድ ሎጅን ነው። እውነት ነው፣ ሎጅ በ1987 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለጽሑፍ ሰጥቷል። ግን እዚያ የገባው በ1960 ነው። ከስም ያደረሱት ልብ ወለዶች በ1975 እና በ1984 ሲወጡ ገና ክፍል እየገባ ያስተምር ነበር። የሥነ ጽሑፍ ሒስ መጻሕፍቱንም በዚያው ዘመን ጽፏል። ያን ያህል ዓመት አስተምሮ የወጣን ሰው ማስተማርና መጻፍ አይገናኙም ለሚል ክርክር ምስክር አድርጎ መጥራት አያስኬድም። የእሱ ባልንጀራ ማልኮም ብራድበሪ ደግሞ ጨርሶ አልሸሸም። ልብ ወለድ እየጻፈ፣ ሒስ እየጻፈ፣ ከደራሲው አንገስ ዊልሰን ጋር ሆኖ በ1970 እ.ኤ.አ. በኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ካዙኦ ኢሺጉሮ ከዚያ ክፍል ከወጡት አንዱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ፈጠራ ለዕድገት አይቆጠርም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚናገሩት ነገር እውነት ነው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር ለማለፍ በዋናነት የሚጠየቀው በመጽሔት የወጣ የምርምር ጽሑፍ ነው። አምስት ዓመት የለፋህበት ልብ ወለድ ይዘህ ብትቀርብ ብዙ ቦታ «ጎበዝ» ይሉህና ፋይልህን ይመልሱልሃል። እሺ፣ አይቆጠርም። ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ አትጻፍ» ማለት ይቻላል? ቅጹ ነው ወይስ ሥራው ነው መስተካከል ያለበት?

ሌላው ዓለም ቅጹን አስተካክሏል። አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ጽሑፍ ለማስተማር የተቀጠረ መምህር ቋሚ የሚሆነው ባሳተመው ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል ነው። እንግሊዝ አገር በየጥቂት ዓመቱ በሚካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ግምገማ ልብ ወለድም ግጥምም እንደ ምርምር ውጤት መቅረብ ይችላል። አውስትራሊያም ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የራሱ ምድብ አላት። ይህን ያደረጉት ለደራስያን አዝነው አይደለም። የሚመዝኑበት መንገድ ስላበጁ ነው። ሥራው በአርታኢ እጅ አልፎ መታተሙን ያያሉ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ሦስት ገምጋሚዎች ያስነብባሉ። ደራሲው ስለ ሥራው ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቃሉ። ይህን ማድረግ እኛን የሚያቅተን ለምንድነው? የዲግሪ ቲሲስ ለውጭ ፈታኝ መላክ እናውቅበታለን። ልብ ወለድም በዚያው መንገድ ሊሄድ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ፣ በግልጽ እንነጋገር። አሁን የሚቆጠረው ሁሉ ጥራት ያለው ነው ወይ? ገንዘብ ተከፍሎበት በሁለት ሳምንት የሚወጣ፣ ማንም ያልገመገመው፣ ማንም የማያነበው ጽሑፍ የስንቱን ማዕረግ እንዳስገኘ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ያለው ወረቀት እየተቆጠረ ሰው ገዝቶ ያነበበው፣ ሐያስያን የተከራከሩበት ልብ ወለድ ዜሮ የሚሆንበትን አሠራር «ሕጉ ነው» ብሎ መቀበል ለእኔ ይከብደኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ለተማሪ አይጠቅምም የሚለው ነው። ከሁሉም ይልቅ የማልስማማው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቤዚክ ራይቲንግ የሚባለውን የእንግሊዝኛ መሠረታዊ የጽሑፍ ኮርስ ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ሞጁሉ ስለ አንቀጽ ያስተምራል። መነሻ ዓረፍተ ነገር፣ ደጋፊ ዓረፍተ ነገር፣ መደምደሚያ። ተማሪው ይህን ሁሉ ሸምድዶ «እናቴ ታታሪ ሴት ናት» ብሎ ይጀምርና «ስለዚህ እናቴ ታታሪ ሴት ናት» ብሎ ይጨርሳል። ሕጉን አልሳተም። እናቱ ግን ወረቀቱ ላይ የለችም።

አንድ ቀን የራሴን አንቀጽ፣ ገና ያልታረመውን፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። ስለ አንዲት የጉሊት ነጋዴ ነበር። «አርሙት» አልኳቸው። መጀመሪያ ፈሩ፤ የመምህር ጽሑፍ ነዋ። በኋላ ከኋላ መደዳ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሴትየዋ ደግ ናት ብለው ጽፈዋል፤ ግን ደግነቷን አላየሁትም» አለችኝ። ከጎኗ ያለው ልጅ ቀጠለና «ቲማቲም ስትመርቅ ቢያሳዩንስ?» አለ። «ደግ ናት» የሚለውን ሰረዝኩና ብር ለጎደለው ሕፃን መዝና ስታበቃ ሁለት ቲማቲም ስትመርቅለት ጻፍኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁኔታ ተለወጠ። በቀጣዩ ሳምንት ከሰበሰብኳቸው ወረቀቶች አንዱ ላይ አንድ ልጅ አባቱ ታታሪ ነው የሚለውን ራሱ ሰርዞ፣ አባቱ ሌሊት ባትሪ በአፉ ነክሶ የመስኖ ውኃ ሲመልስ ጽፎ አመጣ። እንግሊዝኛው ስሕተት ነበረበት። ግን የሚታረም ነገር ነበረው።

ይህን ትምህርት ከሞጁል ማግኘት አይቻልም። ሰርዞ የማያውቅ ሰው ሌላውን መሰረዝ አያስተምርም። እግር ኳስ ተጫውቶ የማያውቅ አሠልጣኝ አልፎ አልፎ ይገኝ ይሆናል፤ ጽፎ የማያውቅ የጽሑፍ መምህር ግን ምን እንደሚያሳይ እኔ አይገባኝም።

ከዚያው ክፍል ምርምርም ይወጣል። ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ኤንድ» (እና) የምትለዋን ቃል ስድስት ሰባት ጊዜ ይደረድራሉ። ተነሣ ኤንድ ታጠበ ኤንድ በላ ኤንድ ጠመደ ኤንድ ሄደ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘን «የተንዛዛ» ብለን እናሰምርበታለን። በአማርኛ ግን «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ፣ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻ ዋለ» ብንል ማንም ተንዛዛ አይለንም። ቋንቋው ድርጊቶቹን በቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም እንደ «ተነሥቶ» ባለ ዓረፍተ ነገሩን በማይዘጋ ግሥ፣ እያሰለፈ መጨረሻ ላይ ባለው ማሰሪያ ግሥ ይሰበስባቸዋል። ልጁ ይህን ስልት ይዞ እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ቦዝ አንቀጹን የሚተካለት ያጣል፤ በእጁ ያለችው ኤንድ ብቻ ናት። እኔ ነገሩን ያስተዋልኩት የራሴን ታሪክ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ነው። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ላይ ተይዤ ቀረሁ፤ የተማሪዎቼ ወረቀት ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ የተማሪ አንቀጾችን እየሰበሰብኩ ማጥናት ጀመርኩ። ልብ ወለዱ ባይኖር ጥያቄው አይመጣም ነበር። ክፍሉ ባይኖር ጥያቄውን የምፈትሽበት አላገኝም ነበር። ጸሐፊው ሦስት የተለያዩ ሙያዎች ያሏቸው እነዚህን ነው።

በትልቁም ደረጃ ይህ ሲሆን አይተናል። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በተጋባዥ ፕሮፌሰርነት ሲያስተምር «ሃርት ኦቭ ዳርክነስ» ስለተባለው የጆሴፍ ኮንራድ ልብ ወለድ አንድ ንግግር አደረገ። አፍሪካውያን በዚያ መጽሐፍ እንዴት እንደተሣሉ እንደ ልብ ወለድ ጸሐፊ አየና እንደ ምሁር ተከራከረ። ዛሬ ስለዚያ መጽሐፍ የሚጻፉ ብዙ ወረቀቶች ያንን ንግግር ይጠቅሳሉ።

አራተኛው ነጥብ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልጣላም፤ ጊዜ የለም። ግን ማን ወሰደው?

ቁጭ ብለን እናስላው። አንድ መምህር ሎዱ፣ ማለትም የማስተማር ድርሻው፣ 12 ክሬዲት ነው እንበል። ባለ 3 ክሬዲት አራት ሴክሽን (የተማሪ ምድብ) ይይዛል። በእያንዳንዱ ሴክሽን 60 ተማሪ ቢኖር 240 ተማሪ ማለት ነው። ሁሉም አንድ አንድ ገጽ ቢጽፉና መምህሩ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 2,400 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ሰዓት ይሆናል። ሙሉ የሥራ ሳምንት! ያውም ለአንድ አሳይመንት፣ ያውም ያለ ሁለተኛ ድራፍት። ክፍል የሚገባበት፣ የሚዘጋጅበት፣ ቲሲስ የሚያነብበት፣ ለመውጫ ፈተና ቲቶሪያል የሚሰጥበት ሰዓት ገና አልተቆጠረም። አሜሪካ ያሉ የኮሌጅ የጽሑፍ መምህራን ማኅበር አንድ የጽሑፍ ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ፣ አንድ መምህርም በአንድ ጊዜ በጠቅላላው ከ60 በላይ የጽሑፍ ተማሪ እንዳይይዝ ይመክራል። ለእነሱ 60 የመምህሩ ጠቅላላ ጣሪያ ነው። በእኛ ስሌት የአንዱ ሴክሽን ቁጥር ሆነ።

በዚህ ላይ ኑሮው አለ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን በ2015 ዓ.ም. በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም የደረሱት ቀልድ አምሯቸው አይደለም። ስንቱ ሌክቸረር ነው ማታ በግል ኮሌጅ ፓርት ታይም የሚሮጠው? ስንቱ ነው ቅዳሜና እሑድ የትርጉም ሥራ የሚያነሣው? የቤት ኪራይ አለበት፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለበት። እንግዲህ ጊዜውን የበላው ሎዱ፣ የተማሪው ብዛትና ኑሮው ሆኖ ሳለ፣ ከእንቅልፉ ቆርጦ ሌሊት አንድ ገጽ የሚጽፈውን መምህር «ሥራ የምታበላሸው አንተ ነህ» ማለት ምን ይባላል? ጸሐፊው ድካማቸውን ሲጽፉ ልቤን ነክተውኛል። ግን ከሦስቱ አንዱን ብንጥለውም 240ው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።

አምስተኛው፣ በአማርኛ የሚጻፍ ፈጠራ ከእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ጋር አይገናኝም የሚለው ብዙ አያቆየኝም። ኡጋንዳዊው ገጣሚ ኦኮት ፒቢቴክ ታዋቂ ግጥሙን መጀመሪያ የጻፈው በአገሩ ቋንቋ በአቾሊ ነው። እንግሊዝኛውን ራሱ መልሶት በ1966 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ዛሬ በአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ እናስተምረዋለን። ራሱ ኦኮት የቃል ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦውር አንዩምባ በ1968 እ.ኤ.አ. የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል እንዲቀርና የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ የትምህርቱ ማዕከል እንዲሆን ሲጠይቁ የተከራከሩት ከዚያው ተቋም ሆነው ነው። ንጉጊ በኋላ በአፍ መፍቻ ቋንቋው በጊኩዩ መጻፉ ከዚሁ ክርክር የቀጠለ ነው። የእኛ ተማሪም ክፍል ሲገባ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሲዳምኛውን ውጭ አስቀምጦ አይገባም። በአገሩ ቋንቋ የሚጽፍ መምህር የዚህን ልጅ ችግር ከማንም በላይ ይረዳዋል።

የመጨረሻው ምክራቸው ለወጣቶቹ ነው። መጀመሪያ ፒኤችዲህን ያዝ፣ ፕሮፌሰር ሁን፣ ያኔ ተረጋግተህ ትጽፋለህ ይላሉ። ይህን ምክር የሰሙ ጓደኞች አሉኝ። አንዱ ተማሪ ሳለን ግጥሙ ከሁላችን የሚበልጥ ልጅ ነበር። ዛሬ ዶክተር ነው፣ ጥሩ ተመራማሪ ነው፣ እኮራበታለሁ። «አሁንስ አትጽፍም?» ስለው «እጄ ረሳው» ይለኛል። በሳምንት አንድ ገጽም ቢሆን ይዞ ቢቆይ ኖሮ ፒኤችዲው ይቀርበት ነበር? አይመስለኝም። ለወጣቱ ሌክቸረር የምለው ይህ ነው። ሦስቱን በአንድ ሴሚስተር እኩል ልያዝ አትበል፤ ማንም አልቻለውም። ቲሲስ የሚበዛበት ወቅት አለ፣ የእርማት ወቅት አለ፣ ክረምት አለ። አንዱ ሲያይል ሌላው ይቀንስ እንጂ አይቁም። የምታስተምረውን ኮርስ ከምትመራመርበት ጋር አገናኘው፤ ያ ብቻውን ብዙ ሰዓት ያተርፍልሃል።

ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች ደግሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የጽሑፍ ኮርስ ሎድ ሲመደብ የሚታረመው ወረቀት ይታሰብ፤ 60 ተማሪ ያለው የጽሑፍ ሴክሽንና 60 ተማሪ ያለው የሌክቸር ሴክሽን እኩል 3 ክሬዲት መቆጠሩ ይቅር። የፈጠራ ሥራ ለዕድገት የሚመዘንበት መስፈርትም በጽሑፍ ተረቅቆ ለሴኔት ይቅረብ። ጸሐፊው የብዙ ዓመት ልምድ አላቸው፣ ቃላቸውም ይሰማል። ረቂቁን ለማዘጋጀት አብረውን ቢቀመጡ የመጀመሪያውን ስብሰባ የምጠራው እኔ ነኝ።